አውሮፕላኖች በምን ይነጻጸራሉ? ለደቡብ ጎንደርና ለአካባቢው መንገደኞች የተዘጋጀ ማብራሪያ

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ በአየር ለመጓዝ የሚፈልግ ሰው በቅድሚያ በወረታ በኩል 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ተጉዞ ባሕር ዳር ወደሚገኘው የደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ይደርሳል። በማረፊያው ሜዳ ላይ የሚጠብቀው አውሮፕላን አንዳንድ ጊዜ ቦይንግ 737 ጄት፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በሁለት ፕሮፔለሮች የሚበረው ኪው 400 ይሆናል። ፕሮፔለሩን ያየ መንገደኛ «ዛሬ ደግሞ አሮጌው ደረሰን» ብሎ ሲሰጋ መስማት እንግዳ ነገር አይደለም። ስጋቱ የሚመነጨው ፕሮፔለር ያለው አውሮፕላን ሁሉ ያለፈ ዘመን ሥሪት፣ ቀርፋፋና ለአደጋ የተጋለጠ ነው ከሚል ግምት ነው።

ይህ ማብራሪያ ሁለቱን የአውሮፕላን ዓይነቶች በፍጥነት፣ በድምፅ፣ በምቾት፣ በውበትና በደህንነት መመዘኛዎች በማነጻጸር ግምቱ ምን ያህል ትክክል እንደሆነ ያስረዳል። ከአምስቱ መመዘኛዎች አራቱ እንደ መንገዱና እንደ መንገደኛው ፍላጎት ሊመዘኑና ሊቀያየሩ የሚችሉ ናቸው። አምስተኛው፣ ማለትም ደህንነት፣ ከሌሎቹ ጋር ለምርጫ የሚቀርብ አይደለም።

ሁለቱ አውሮፕላኖች በምን ይለያያሉ?

ፕሮፔለር ሲባል በዕድሜ የገፉ ወገኖች በቅድሚያ የሚያስታውሱት ዲሲ-3 የተባለውን አውሮፕላን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ የተጠቀመው የዚሁ አውሮፕላን ወታደራዊ ዓይነት በሆነው ሲ-47 ነበር። የሲ-47 ሞተር እንደ መኪና ሞተር በፒስተን የሚሠራ ሲሆን ፍጥነቱ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። የመንገደኞቹ ክፍል የአየር ግፊት መቆጣጠሪያ አልነበረውም። መንገደኞች ግራና ቀኝ በተዘረጉ አግዳሚዎች ላይ ፊት ለፊት እየተያዩ ይቀመጡ የነበረ ሲሆን መሐሉ ለጭነት ይውል ነበር።

ኪው 400 ከዚህ አውሮፕላን ጋር የሚያመሳስለው ፕሮፔለሩ ብቻ ነው። በካናዳ የተመረተውና በ2002 ዓ.ም የኢትዮጵያ አየር መንገድን የተቀላቀለው ይህ አውሮፕላን የሚንቀሳቀሰው በተርባይን ሞተር ነው። አየር ወደ ሞተሩ ገብቶ ይታመቃል፤ ከነዳጅ ጋር ተቀላቅሎ ይነድዳል፤ የሚወጣው ትኩስ ጋዝም ተርባይኑን ያሽከረክራል። በጄት አውሮፕላን ላይ የተርባይኑ ኃይል በሞተሩ ሽፋን ውስጥ ያለውን ሰፊ ማራገቢያ ያዞራል። በኪው 400 ላይ ደግሞ በማርሽ ሳጥን በኩል አልፎ በውጭ የሚታየውን ባለ ስድስት ምላጭ ፕሮፔለር ያዞራል። በአጭሩ ሁለቱ ሞተሮች የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው።

ፕሮፔለሩ የተመረጠበት ምክንያት አለ። በሰዓት እስከ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ባለው ፍጥነት ብዙ አየርን በዝግታ ወደ ኋላ መግፋት፣ ጥቂት አየርን በከፍተኛ ፍጥነት ከመግፋት ያነሰ ነዳጅ ይጠይቃል። ጄት ብቃቱን የሚያሳየው ከፍ ብሎ ረጅም ርቀት ሲበር ነው። በአጭር መንገድ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው በመውጣትና በመውረድ ነው።

ፍጥነት፦ ስድስት ደቂቃና የወረታ መንገድ

ኪው 400 በሰዓት እስከ 667 ኪሎ ሜትር ሲበር ቦይንግ 737-800 በሰዓት 840 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። በወረቀት ላይ ልዩነቱ ሰፊ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ያለው የአየር ርቀት 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱ አውሮፕላኖች መንገዱን ሁሉ በዚህ ፍጥነት ቢበሩት እንኳ ኪው 400 30 ደቂቃ፣ ጄቱ ደግሞ 24 ደቂቃ ያህል ይፈጅባቸዋል። ልዩነቱ ስድስት ደቂቃ ነው። ከደብረ ታቦር ለሚነሣ መንገደኛ ግን በየብስ ወደ ባሕር ዳር የሚደረገው ጉዞ ብቻውን ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በወረታ መገንጠያ ላይ በሚያጋጥም መጨናነቅ የሚባክን ግማሽ ሰዓት ጄቱ ከሚያተርፈው ጊዜ አምስት እጥፍ ነው። ስለሆነም የጉዞ ፍጥነት መለካት ያለበት ከቤት ደጃፍ እስከ መድረሻው ደጃፍ ባለው ጊዜ እንጂ በአየር ላይ ባለው ፍጥነት ብቻ አይደለም።

በደጋው ሀገር ፍጥነት ሌላም ትርጉም አለው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በደረጃ የከባቢ አየር ስሌት መሠረት ከባሕር ወለል አየር ጋር ሲነጻጸር 1800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው የባሕር ዳር አየር 16 ከመቶ፣ 2300 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው የቦሌ አየር 20 ከመቶ፣ 2700 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው የደብረ ታቦር አየር ደግሞ 23 ከመቶ ያህል የሳሳ ነው። ክንፍ አውሮፕላኑን የሚያነሣው በላዩና በታቹ በሚያልፈው አየር አማካይነት በመሆኑ፣ አየሩ ሲሳሳ አውሮፕላኑ ከመሬት ለመነሣት ይበልጥ መፍጠን አለበት። በባሕር ወለል ላይ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ሲደርስ የሚነሣ አውሮፕላን በባሕር ዳር 219 ኪሎ ሜትር፣ በደብረ ታቦር ከፍታ ደግሞ 229 ኪሎ ሜትር ገደማ መድረስ ይኖርበታል። በአንጻሩ የሞተሩ ጉልበት በዚያው በሳሳው አየር ምክንያት ይቀንሳል።

የደጋ አውሮፕላን ማረፊያዎች ረጅም ማኮብኮቢያ የሚያስፈልጋቸው በዚህ ምክንያት ነው። የባሕር ዳሩ ማኮብኮቢያ 3000 ሜትር፣ የቦሌው ረጅሙ ማኮብኮቢያ ደግሞ 3800 ሜትር ርዝመት አላቸው። ኪው 400 በባሕር ወለል ከፍታ ሙሉ ጭነት ይዞ ለመነሣት 1400 ሜትር ገደማ ሲበቃው፣ ቦይንግ 737-800 ከ2000 ሜትር በላይ ይፈልጋል። ማኮብኮቢያቸው አጭር ለሆነ ማረፊያዎች ባለ ፕሮፔለሩ አውሮፕላን ተመራጭ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ድምፅ፦ ከቡሔ ጅራፍ የሚገኝ ትምህርት

በኢትዮጵያ ምድር የመጀመሪያው አውሮፕላን ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም ነው። ዕለቱ የቡሔ ወይም የደብረ ታቦር በዓል ዋዜማ ነበር። በዚህ በዓል ወጣቶች የሚያስጮኹት ጅራፍ ስለ አውሮፕላን ድምፅ የሚያስተምረው ነገር አለ። ጅራፉ ከእጀታው ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ በክንድ የተሰጠው ኃይል ወደ ጫፉ ሲደርስ ፍጥነቱ እጅግ ይጨምራል። ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት፣ ማለትም በሰዓት 1200 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሲያልፍ አየሩ በድንገት ታምቆ ይፈነዳል። የሚሰማው ጩኸት ይኸው ነው።

ኮንኮርድ የተባለው መንገደኞችን የሚያመላልስ አውሮፕላን በሰዓት ከ2100 ኪሎ ሜትር በላይ ሲበር በመንገዱ ሁሉ እንዲህ ያለ ፍንዳታ በምድር ላይ ያሰማ ነበር። በዚህም ምክንያት ብዙ አገሮች ከድምፅ ፍጥነት በላይ በየብሳቸው ላይ እንዳይበር ከለከሉት። በዘመኑ ከነበሩት አውሮፕላኖች ሁሉ ውብ እንደሆነ ይነገርለት የነበረው ኮንኮርድ እ.ኤ.አ. በ2003 ከአገልግሎት ወጥቷል። በአንድ መመዘኛ የላቀ አውሮፕላን በሌላው ሊወድቅ እንደሚችል ይህ ጥሩ ማሳያ ነው።

የፕሮፔለር ምላጭ ጫፍም ወደ ድምፅ ፍጥነት በተጠጋ ቁጥር ጩኸቱ ይበረታል። የኪው 400 ፕሮፔለር ከጫፍ እስከ ጫፍ 4.1 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሲሆን ሲነሣ በደቂቃ 1020 ጊዜ ይሽከረከራል። በጉዞ ላይ ሽክርክሪቱ ወደ 850 ዝቅ ይላል። የምላጮቹ ቁጥር ስድስት የሆነው በዝግታ እየዞሩም በቂ ኃይል እንዲሰጡ ነው። ከዚህም ሌላ በመንገደኞች ክፍል ውስጥ የተተከሉ ማይክሮፎኖች ድምፁን እየለኩ፣ በአውሮፕላኑ አካል ላይ የተገጠሙ መሣሪያዎች ተቃራኒ ንዝረት በመፍጠር ድምፁን ያዳክሙታል። በአውሮፕላኑ ስም ውስጥ የሚገኘው «ኪው» የሚለው ፊደልም ጸጥተኛ መሆኑን ለማመልከት የተመረጠ ነው።

ይህም ሆኖ የፕሮፔለር ድምፅ ከጄት ድምፅ የተለየ ነው። የፕሮፔለሩ ዝቅ ያለ እምምታ ሲሆን የጄቱ የነፋስ ፉጨት የመሰለ ነው። ጸጥታ የሚመርጥ መንገደኛ በኪው 400 ላይ ከፕሮፔለሮቹ ትይዩ ይልቅ ወደ ኋላ፣ በቦይንግ 737 ላይ ደግሞ ከሞተሮቹ ወደ ፊት ያሉትን መቀመጫዎች ቢይዝ ልዩነቱን ያስተውላል።

ምቾት፦ ደብረ ታቦር ከአውሮፕላኑ ክፍል በላይ ናት

ብዙ ሰዎች በአውሮፕላን መሳፈር ወደ ሳሳ አየር መውጣት እንደሆነ ያስባሉ። ለደብረ ታቦር ነዋሪ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ዘመናዊ አውሮፕላኖች ምንም ያህል ከፍ ብለው ቢበሩ በመንገደኞች ክፍል ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከ2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ግፊት እንዳያንስ ይደረጋል። ደብረ ታቦር በ2700 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ በኪው 400ም ሆነ በቦይንግ 737 ውስጥ የተቀመጠ የከተማዋ ነዋሪ የሚተነፍሰው አየር ከቤቱ አየር የተሻለ ግፊት አለው። በነሐሴ 2004 ዓ.ም የመጀመሪያው ወደ ኢትዮጵያ የገባው ቦይንግ 787 ድሪምላይነር ደግሞ የክፍሉን ግፊት ከ1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ጋር ያስተካክላል፤ ይህም የባሕር ዳር ከፍታ ማለት ነው። በረጅም ጉዞ ላይ የድካም ስሜት የሚቀንሰው ከዚህ የተነሣ ነው።

የጆሮ ሕመም የሚከተለው ግፊቱ በፍጥነት ሲለዋወጥ ነው። ከቦሌ ባሕር ዳር ባለው በረራ ለውጡ አነስተኛ ነው። ወደ ቆላና ወደ ባሕር ዳርቻ በሚደረግ በረራ ግን ይበልጣል። አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር ምራቅ መዋጥ ወይም ማስቲካ ማኘክ፣ ሕፃናትን ደግሞ ማጥባት ይረዳል። የልብ፣ የሳንባ ወይም የከፋ የደም ማነስ ሕመም ያለባቸው መንገደኞች ግን ደገኛ መሆናቸውን ብቻ ተማምነው መሳፈር የለባቸውም፤ አስቀድመው ሐኪማቸውን ማማከር ይኖርባቸዋል።

በመቀመጫ ረገድ ኪው 400 በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ሁለት መቀመጫዎች ብቻ ስላሉት መሐል ላይ ተጣቦ የሚቀመጥ ሰው የለም። ቦይንግ 737 በእያንዳንዱ ጎን ሦስት ሦስት መቀመጫዎች አሉት። በሌላ በኩል የኪው 400 የእጅ ሻንጣ ማስቀመጫ ጠበብ ያለ ነው። ኪው 400 እስከ 7600 ሜትር ገደማ ከፍታ ስለሚበር በክረምት ደመና ውስጥ የመንገጫገጭ ዕድሉ ከፍ ይላል። ተራሮቹ በፀሐይ ሲሞቁ ከሥር የሚነሣው ነፋስ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ፣ መንገጫገጭ የማይወድ መንገደኛ የጧት በረራ ቢመርጥ ይሻለዋል።

ውበት፦ ሥራን የተከተለ ቅርጽ

ውበት እንደ ተመልካቹ ቢለያይም የአውሮፕላን ቅርጽ ለጌጥ ተብሎ ብቻ አይሠራም። በጉና ተራራ አናት ላይ ክንፉን ሳያርገበግብ የሚያንዣብብ ጥንብ አንሣ የክንፉን ጫፍ ላባዎች ወደ ላይ ቀልብሶ ይታያል። ይህም በክንፉ ጫፍ የሚፈጠረውን የአየር አዙሪት ቀንሶ ድካሙን ያቃልልለታል። በቦይንግ 737 ክንፍ ጫፍ ላይ ወደ ላይ የቆመው ቅጥያም በዚሁ መርሕ ነዳጅ ይቆጥባል።

የኪው 400 ክንፍ በጣሪያው ላይ የተገጠመ ነው። ይህ አሠራር ሰፊዎቹን ፕሮፔለሮች ከመሬት ያርቃል። ለመንገደኛውም ያልታሰበ ስጦታ አለው፦ ከመስኮቱ ሥር ክንፍ ስለሌለ የጣናን ሐይቅና ደሴቶቹን እንዲሁም የዓባይን መውጫ ያለ ከልካይ ለማየት ያስችላል። በቦይንግ 737 መካከለኛ መቀመጫዎች ላይ የተቀመጠ ሰው በአብዛኛው የሚያየው የክንፉን ገጽ ነው።

ደህንነት፦ ለምርጫ የማይቀርበው መመዘኛ

ኢትዮጵያ በ1937 ዓ.ም በቺካጎ የተፈረመው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ከመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች አንዷ ናት። በዚህ ሥርዓት መሠረት ማንኛውም የመንገደኞች አውሮፕላን ጄትም ሆነ ባለ ፕሮፔለር የብቃት ማረጋገጫ ሳይኖረው አይበርም። በሀገራችን ይህን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ሁለቱም ዓይነቶች አንድ ጥብቅ ፈተና ያልፋሉ፦ ለመነሣት ከተወሰነበት ፍጥነት በኋላ አንዱ ሞተር ቢጠፋ በቀሪው ሞተር ተነሥተው፣ ከፊታቸው ያለውን ተራራ በበቂ ርቀት አልፈው በሰላም መመለስ መቻል አለባቸው። ጉና ከ4000 ሜትር በላይ፣ ራስ ዳሽን ከ4500 ሜትር በላይ በሆኑበት አካባቢ ይህ ስሌት ለእያንዳንዱ በረራ የሚሠራ ነው። ሙቀት በበዛበት ቀን አውሮፕላኑ ጭነት እንዲቀንስ የሚደረግበት ጊዜ የሚኖረውም በዚሁ ስሌት ምክንያት ነው። ሻንጣው በሚቀጥለው በረራ እንዲደርሰው የተነገረው መንገደኛ ቢያዝንም ውሳኔው ለሕይወቱ የተደረገ ጥንቃቄ መሆኑን ሊገነዘብ ይገባል።

መልክና አዲስነት ለደህንነት ዋስትና እንደማይሆኑ የሀገራችን መራር ታሪክ ያስተምራል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም ከባሕር ዳር የተነሣ ቦይንግ 737 ጄት ገና ሲነሣ ከርግቦች መንጋ ጋር ተጋጭቶ ሁለቱም ሞተሮቹ ተጎዱ። አውሮፕላኑ ወደ ማረፊያው ለመመለስ ሲሞክር ሁለቱም ሞተሮች ኃይላቸውን በማጣታቸው ያለ ጎማ ምድር ላይ ለማረፍ ተገደደ። ከነበሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሕይወታቸውን አጡ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም ደግሞ ከቦሌ የተነሣው የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን ከስድስት ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች አልቀዋል። አውሮፕላኑ በወቅቱ እጅግ አዲስ ከነበሩት ዓይነቶች አንዱ የሆነው ቦይንግ 737 ማክስ 8 ነበር። የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ጊዜ ወደ ታች የሚገፋው የኮምፒዩተር ሥርዓት በአንድ ሴንሰር የተሳሳተ መረጃ ላይ ተመርኩዞ ይሠራ እንደነበር ታውቋል።

ከአራት ወራት ተኩል ገደማ ቀደም ብሎ በኢንዶኔዥያ ተመሳሳይ አደጋ 189 ሰዎችን ቀጥፎ ነበር። ከቢሾፍቱው አደጋ በኋላ የዚህ ዓይነት አውሮፕላኖች በመላው ዓለም ከበረራ ታገዱ። ሥርዓቱ ከሁለት ሴንሰሮች የሚመጣውን መረጃ እንዲያነጻጽር ተደርጎ ተሻሻለ፤ የአብራሪዎች ሥልጠናም ተጠናከረ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክስ አውሮፕላኖችን ወደ አገልግሎት የመለሰው ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም ነው። የኢትዮጵያ የአውሮፕላን አደጋ ምርመራ ቢሮም የመጨረሻ ሪፖርቱን በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም አውጥቷል። በዓለም አቀፉ ስምምነት መሠረት የአደጋ ምርመራ ዓላማ ወንጀለኛ መፈለግ ሳይሆን ያው አደጋ እንዳይደገም ማድረግ ነው።

ሁለቱም አውሮፕላኖች ፈጣን ጄቶች ነበሩ። አንዱን የጣለው የወፍ መንጋ፣ ሌላውን የጣለው የንድፍ ጉድለት ነው። ስለሆነም አውሮፕላን ደህና መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ፕሮፔለሩን ወይም የቀለሙን ማማር በማየት አይደለም። የሚታወቀው በንድፉ፣ በጥገናው፣ በአብራሪዎቹ ሥልጠና፣ በማረፊያው አካባቢ ሁኔታና በተቆጣጣሪው አካል ጥብቅነት ነው።

ከኅብረተሰቡ የሚጠበቅ

ደህንነት የባለሙያዎች ሥራ ብቻ አይደለም። በአውሮፕላን ማረፊያዎች አቅራቢያ የሚጣል ቆሻሻ፣ የእርድ ተረፈ ምርትና የተዝረከረከ እህል ወፎችን ይስባል። በ1981ዱ አደጋ የጠፋው ሕይወት ለዚህ በቂ ማስጠንቀቂያ ነው። የአካባቢው ነዋሪዎችና የከተማ አስተዳደሮች ቆሻሻን ከበረራ መስመር ማራቅ ይኖርባቸዋል። ያለ ፈቃድ ድሮን ማስነሣትና በሚያርፍ አውሮፕላን ላይ የሌዘር ብርሃን ማብራትም ለከፋ አደጋ ያጋልጣል።

መንገደኞችም ከቤታቸው ሲነሡ ሊያስተውሏቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የስልክ ኃይል መሙያ ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ መቀመጥ የለበትም። ላምባ፣ ቤንዚንና የጋዝ ሲሊንደር እንዲሁም የአልኮል መጠኑ ከ70 ከመቶ በላይ የሆነ መጠጥ በአውሮፕላን አይጫንም። ለዘመድ የሚላክ ማርና ቅቤ በማያፈስ ዕቃ ታሽጎ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር ይሰጥ። የሻንጣ ክብደትንም በትክክል ማስመዘን ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከላይ እንደተገለጸው በደጋ አየር ውስጥ እያንዳንዱ ኪሎ በመነሻው ስሌት ውስጥ ይገባል።

ለማጠቃለል፣ ጊዜ የሚቆጥብ መንገደኛ የየብሱን ጉዞ አስቀድሞ ያቅድ፤ ጸጥታ የሚሻ መቀመጫውን ይምረጥ፤ ተፈጥሮን ማየት የሚወድ ክንፉ ከላይ ያለውን አውሮፕላን ሲያገኝ ይደሰት። ደህንነቱን ግን በመልክ አይገምተው። በባሕር ዳር ማረፊያ የሚጠብቀው አውሮፕላን ባለ ፕሮፔለርም ይሁን ጄት፣ የብቃት ማረጋገጫውን ያገኘው በአንድ ዓይነት ሕግ ተመዝኖ ነው።